ኃይለኛ ውሻ አለ

በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የግቢ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ስለ ኃይሉ እንጂ ስለ ምሳው የሚለው ነገር የለም። በሩ ሲከፈት የሚታየው ኃይለኛ ጎድኑ ከሩቅ የሚቆጠር፣ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ፣ ከፊቱም ለሁለት የተቆረጠ ደረቅ ጀሪካን የተቀመጠለት ቡቺ ነው።

ቡቺ ከቤተሰቡ ሁሉ የጸና ጿሚ ነው። አባወራው በሁዳዴ እኩሌታ «ሐኪም ከለከለኝ» ብለው ወተት ሲጀምሩ፣ ለልጆቹም እንቁላል ሲጠበስላቸው፣ እርሱ 55ቱን ቀን የሽሮ ፍትፍት እየላሰ ይዘልቃል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ከ12ቱ የዶሮ ብልት የሚደርሰው ተግጦ ያለቀው አጥንት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ሹል ሆኖ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ እንደሚችል፣ የወጣችን መሠረት የሆነው ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚጎዳ የእንስሳት ሐኪም ቢነግራቸው እንኳ እማወራዋ «ኧረ እሱ ምን የማይበላው አለ!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አማርጦ እንዲበላ የጠየቀው ሰው የለም።

ውሻ እንደ ሰው መላ አካሉን አያልበውምና ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ ስለዚህም ጥላና ንጹሕ ውኃ ከአጠገቡ ሊጠፋ አይገባም። ቡቺ እኩለ ቀን ላይ ምላሱን አንጠልጥሎ ሲያለከልክ ግን እንግዳ የሚሸኙት አባወራ «ተጠንቀቁ፣ ዛሬ ተቆጥቷል» ይላሉ። ቀን ካልታሰረ ማታ አይናከስም የሚል ጽኑ እምነትም አላቸው። ይህ ስሌት ትክክል ከሆነ የግቢው ዘበኛ ለምን በሰንሰለት እንዳልታሰረ አይገባኝም፤ ምናልባት ደመወዝ ስለሚከፈለው ይሆናል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲነሣ «ከግቢ አይወጣ፣ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። በሩ ለመኪና በተከፈተ ቁጥር ቡቺ ሰንሰለቱን ቢበጥስ ከመንገድ ውሾች ጋር የሚገናኝ መሆኑን፣ ምልክቱ አንዴ ከታየም ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ሰው ከስንት አንድ እንደሆነ የሚያስብ የለም።

ሌሊት ሲጮኽ መስኮት ተከፍቶ «ዝም በል!» ይባላል፤ ዝም ብሎ ሲያድር ደግሞ በማግስቱ ከገመድ ላይ ልብስ ከጠፋ «በልቶ ካጅ!» ተብሎ ይሰደባል። ካጅነቱ ሊያከራክር ይችላል፤ የበላው ምን እንደሆነ ግን ተሳዳቢው ቢያስረዳ ደስ ይለኛል።