«ማርሽ ጨምር!» ለምትሉ ሁሉ

አሁን መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት ያፈነዳኛል።

ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ቮልስ ኮምቢዋ (ሚኒባሷ) ላይ ስምንት ሰው፣ ጋቢና ደግሞ እኚያ የምታውቋቸው ጋሼ። ዳገቱ ገና ሲጀምር ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አወረድኩ። ኃጢአቴ ይቺ ናት።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሩ እኮ ጮኸ! ማርሽ ጨምር!»
«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሁለተኛ ነው የሚፈልገው።»
«መንጃ ፈቃድህን የት ነው ያወጣኸው?»

ከኋላ ሳቅ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ የጋለ ዘይት ሸተታቸው።

«ይኸው ጋለ! ቁምና ውሃ ጨምርበት!»
«ውሃ የለውም ጋሼ፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው።»
«ውሃ ሳትይዝ ነው ይሄን ሁሉ ሕዝብ ጭነህ እንጦጦ የምትወጣው?!»

ወገን፣ ስምንት ሰው በአንድ ድምፅ ሳቀብኝ። ውሃ በሌለው መኪና ውሃ አልያዝክም ተብዬ ተሰደብኩ።

እስቲ እዚህ ልጩኸው፣ እዚያ የሰማኝ የለም። የቮልስ ሞተር ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፣ የሚያዞረው ደግሞ የሞተሩ ቺንጊያ (ቀበቶው) ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲንቀራፈፍ ይንቀራፈፋል። የዘይት ፓምፑም እንደዚያው። በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ፔዳሉን እስከ ወለል ስትረግጡት ቤንዚኑ በገፍ ይገባል፣ እሳቱ ይበዛል፣ ማራገቢያው ግን በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚዞረው። ጩኸት የለም፣ ጋቢና ያለው ሰው ደስ ብሎታል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ግን እየተጠበሰ ነው። ሞተር የሚሞተው ሲጮህ ሳይሆን እንዲህ ታፍኖ ሲያቃስት ነው!

1600ው ሞተር (1584 ሲሲ) በባሕር ጠለል ላይ፣ አዲስ ሆኖ፣ ጉልበቱ 50 ፈረስ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከአምስት እጁ አንዱ ገደማ ይሄዳል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከሩብ በላይ። ያው ስስ አየር ነው ደግሞ የሚያቀዘቅዘው። ጋሼ፣ የእርስዎን ኪሎ አልጨመርኩም።

ስለዚህ ከነጭነት ዳገት ላይ ሦስተኛ በሰዓት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ሁለተኛ ይገባል። እንደ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ትንሽ ይለያያል እንጂ ሁለተኛ ከ25 እስከ 40 ድረስ ቤቱ ነው፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ በደስታ ይሠራል። ከ20 በታች ከወረደ አንደኛ፤ አንደኛ ማስገባት ነውር አይደለም። ቆጣሪ ከሌለ እግር ይበቃል፦ ፔዳሉን ጨምራችሁ ፍጥነት ካልጨመረ፣ ወይ ወለሉ መንዘር ከጀመረ፣ ማርሹ ከፍ ብሏል። አውርዱ። የሚቀነሰው ደግሞ ዳገቱ ሳይከብድ፣ መኪናው ገና ግስጋሴ ላይ እያለ ነው። መሃል ላይ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ያ ሣጥን የሚያህል ነገር ወዲያው ይቆማል፣ ከኋላ ሲኖትራክ ክላክሱን ይለቀዋል፣ እናንተም የእጅ ፍሬን ትፈልጋላችሁ።

የማርሹ ዘንግ ደግሞ ከጋቢና እስከ ኋላ ሙሉ መኪናውን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ቦኮላው (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ካለቀ ሁለተኛን መፈለግ በጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው። ዜሮ ላይ ትንሽ ቤንዚን ሰጥቶ ከዚያ ሁለተኛ ማስገባት ያረጀውን ካምቢዮ ያሳርፋል። ይሄን ሳደርግም «ምን ያስጓራሃል?» ተብያለሁ።

ጋሼን ብቻ አልወቅስም ደግሞ። ባለፈው አንድ መካኒክ ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያውን ነቅሎ «አየር እንዲገባው ነው» አለኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! ያ ላሜራ እኮ የሲሊንደሮቹን ትኩስ አየር ከላይኛው ቀዝቃዛ አየር የሚለየው እሱ ነው። ሲነቀል ማራገቢያው ከታች የጋለውን አየር መልሶ ይስባል። በአሮጌዎቹ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠሩት ማለት ነው፣ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩ መንገድ ላይ ስለቆመ ሦስተኛው ሲሊንደር ድሮም የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው። መጀመሪያ የሚቃጠለው የእሱ የጭስ ቫልቭ ነው። ላሜራ ተነቅሎ፣ አራተኛ ማርሽ፣ እንጦጦ… በቃ፣ ለቅሶ መድረስ ነው።

እና ያቺ ቀይ መብራት! የዲናሞዋ። አንድ ቀን በራች፣ ተሳፋሪው በሙሉ «ባትሪ ነው፣ ቀስ ብለህ ድረስ»። እሷ ከበራች ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጊያ ከሌለ ማራገቢያ የለም፣ ማራገቢያ ከሌለ ሞተር የለም። እዚያው ቆሞ ማጥፋት ነው እንጂ «ድረስ» የሚባል ነገር የለም። ትርፍ ቺንጊያና ቁልፏ ወንበር ሥር ይኑሩ። በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ካጎነበሰ ልክ ነው።

የቫልቩን ክፍተት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ 0.15 ሚሊ ላይ ማስተካከል ነው። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነች፣ ፊልትሮ የላትም፣ ወንፊት ብቻ። ለዘይት ስትሰስቱ እንጦጦን አታስቡ።

ብቻ ደረስን። ማንም «ደህና ነዳህ» አላለኝም። ጋሼ ወርደው የመኪናውን አፍንጫ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ባልነግረው ኖሮ ነዶ ነበር» አሉ። ሞተሩ እኮ ከኋላ ነው! የነኩት የፊቱን ነው!

ቅዳሜ ደግሞ ለመመለሻ ቀጥረውኛል። ጋቢና ይዘዋል። ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዘው እንደሚመጡም ነግረውኛል።