«ክትትል ይደረግበት»

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ትምህርት ቤትና ወላጅ በመገናኛ ደብተር የሚጻጻፉበትን ጥበብ ያላየ ሰው ስለ ቁጥብነት ባያወራ ይሻለዋል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪው ፊደል እየዘለለ ያነባል፤ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ግማሹ መስመር ይቀርበታል። መምህርቷ ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች፦ «ክትትል ይደረግበት»። በማን? እንዴት? ምኑ ላይ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ነገር ፈላጊ ነው። ጨዋው ወላጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለታክሲ ሰልፍ ሲሮጥ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይፈርማል። ካልተመቸው የልጁ ታላቅ እህት ትፈርምለታለች፤ የእሷ ፊርማ ከአባቷ ይልቅ የአባቷን ይመስላል።

ትምህርት ቤቱ ዘርዝሮ መጻፍ አይችልም የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። የክፍያ ማሳሰቢያውን ቢያዩ ያፍሩ ነበር። እዚያ ላይ ልጁ እስከ አያቱ ስም ይጠራል። ወሩ፣ ብሩ እስከ ሳንቲሙ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ፣ ቀኑ ካለፈ የሚታሰበው ቅጣት አንድም አይጎድልም። በቴሌግራም ይመጣል፣ በአጭር መልእክት ይደገማል፣ በወረቀት ቦርሳ ውስጥ ይከተታል፤ ደረሰ ወይ ተብሎም ይደወላል። ለአንድ ልጅ የግል ዕቅድ ማውጣትና መከታተል ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24፣ ድጋፉ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ እንዲሰጥ ያዝዛል። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ግን መላውን ቀድሞ አግኝቶታል፦ ፊት ወንበር። መስማት ለሚከብደው ፊት ወንበር፤ ፊደል ለሚምታታበት ፊት ወንበር፤ አንድ ቦታ መርጋት ለማይሆንለትም ፊት ወንበር። (ድጋፍ ፈላጊው ከበዛ ክፍሉን ወደ ጎን መለጠጥ ሳያስፈልግ አይቀርም።)

ወላጅም ውለታ መላሽ ነው። ሐኪም የልጁን ጆሮ አይቶ የነገረውን ለትምህርት ቤቱ ትንፍሽ አይልም፤ «ስም ያወጡበታል» ይላል። መምህርቷም ያየችውን አትናገርም፤ «ወላጅ ይቀየማል» ትላለች። በወላጆች ቀን ግን ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

«ልጃችን እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ነው። ትንሽ ብታስነብቡት።»

«ያነባል እኮ፣ ጨዋታ ነው የሚያበዛው።»

«አይዟችሁ፣ ሲያድግ ይተወዋል።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም በሰላም ወደ ዩኒፎርም ዋጋ ክርክር ይገባል።

ልጁ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስና ከተማ አቀፉ ፈተና ሲቃረብ ቁጥብነቱ ያበቃል። ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ ተማሪው ለዓመታት የቆየ ችግር እንዳለበት፣ ይህም በተደጋጋሚ ለወላጅ እንደተገለጸ፣ ለማስረጃም ወላጅ የፈረመባቸው ደብተሮች እንዳሉ፣ ስለዚህ ለአቅሙ የሚመጥን ሌላ ትምህርት ቤት ቢፈለግለት እንደሚሻል። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተሙም ጥርት ያለ ነው። መሸኛ ሊወስድ የሚመጣ ወላጅ የሰኔን ክፍያ ማጠናቀቁን የሚያሳይ ደረሰኝ ይዞ እንዲቀርብም በትሕትና ያሳስባል።