ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ዲሹ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ስንት ይሆናል?

ሰላም ወገኖች፣ ትንሽ እርማት። «የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ዲሹ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም እጥፍ ይሆናል» የሚለውን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር (ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ) ነው።

ባለ 1.8 ሜትር ዲሽ ሆዱን ለንፋስ ሰጥቶ ቆሟል እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በ22 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋዋል። በ72 ግን 44 ሳይሆን ወደ 88 ኪሎ! (ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል፤ አራት እጥፍነቱ ግን ያው ነው።)

ለማረጋገጥ፣ የምሰሶ ጭነት በምታሰሉበት ሶፍትዌር ላይ ያንኑ የዲሽና የምሰሶ ሞዴል የዲሹን ክብደት ሳትጨምሩ በሁለቱም ፍጥነት አሂዱት። ከዚያ የምሰሶው እግር ላይ የሚወጣውን ሪአክሽን (መሠረቱ ምሰሶውን ለመያዝ የሚመልሰውን ግፊት) አወዳድሩ። የመጀመሪያውን ውጤት በ2 አባዝቶ ብሎን የመረጠ ሰው፣ ዲሹን ያሰረው ከሚያስፈልገው አቅም በግማሹ ነው።