ሶላር እንጀራ አይጋግርም ይሉናል

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሰማሁት የሬዲዮ ውይይት እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እንግዳው ስለ ኤሌክትሪክ ያውቃል ተብሎ የተጋበዘ ሰው ነው። ህዳሴ ተመርቆ እያለ ስለ ሶላር ማውራት ጊዜ ማባከን ነው አለ፣ ሶላር እንደሆነ እንጀራ አይጋግርም አለ፣ ገጠር ያለውም ሰው ትንሽ ታግሶ መስመሩ እስኪደርሰው ይጠብቅ አለ። አዘጋጁ እሺ ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ፣ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

በመጀመሪያ የእንጀራዋን ነገር እንጨርስ። አዎ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰራ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላል፣ ገጠር ጣሪያ ላይ የምትሰቀለው ሶላር ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 ወይ 20 ዋት ናት፣ ይሄን ለማወቅ ሬዲዮ ላይ መጋበዝ አያስፈልግም። ግን ማነው ይጋግራል ያለው? ሶላር የሚገዛው ገበሬ ምን እንደሚገዛ ከሰውየው በላይ ያውቃል። የሚገዛው ኩራዙን ለማጥፋት ነው፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ነው፣ ልጁ ማታ ደብተር እንዲገልጥ ነው። ጤና ኬላው ደግሞ የክትባት ፍሪጁን በሶላር ያቀዘቅዛል፣ ክትባት መስመር እስኪመጣ ታግሶ አይጠብቅም።

ጎጃም ያለችው አክስቴ ማሳ ላይ ሀይ ቴንሽኑ፣ ማለትም ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከስሩ ቆመህ ሽቦውን ስትሰማው እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል። ለግድቡ ከአንዴም ሁለት ሦስቴ አዋጥታለች፣ የቦንድ ወረቀቷን ከመሬት ደብተሯ ጋር አንድ ላይ በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ እልል ብላለች፣ 5,150 ሜጋዋት ሲባል እኔም እንባዬ መጥቷል፣ የማንም ኩራት ከእኛ አይበልጥም። ግን ያ መስመር ለእሷ አይበራም። 400 ኪሎቮልት የተሸከመ ሽቦ ላይ ቅጥያ ጎትተህ አምፖል አታበራበትም። መጀመሪያ ኃይሉን የሚቀንሰው ሰብስቴሽን አለ፣ ከዚያ መካከለኛው መስመር፣ ከዚያ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ምሰሶ፣ ከዚያ ቆጣሪ፣ ያውም ቤቶቹ እየብቻቸው ጉብታ ጉብታው ላይ ተበታትነው። ብሩ የሚያልቀው እዚያ መጨረሻው ጋ ነው። ትንሽ ይታገሱ የሚለው ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፣ ቤቱ ስለሚበራ ነው።

ደግሞም ይሄ የእኔ ሀሳብ ብቻ አይደለም። መንግስት ራሱ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ቤት እናዳርሳለን ሲል 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ማለትም በአብዛኛው በሶላር ብሎ ነው የጻፈው። 2025 አልፏል፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ቤት ግን አሁንም በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ታዲያ ያ 35 በመቶ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ሲገባ ሶላር ያነሳውን ሰው ማሸማቀቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የማድቤቱ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃና ከንፋስ ነው የሚመጣው፣ በዚህ ብዙ ሀብታም አገር አይደርስብንም፣ ይሄ እውነት ነው። ስለዚህ እኛ አረንጓዴ ነን ብለን እንቀመጣለን። ግን አገሪቱ የምታበስለው በኤሌክትሪክ አይደለም፣ በእንጨት፣ በጭራሮ፣ በከሰልና በኩበት ነው። የአክስቴን ማድቤት ግድግዳ በጣትህ ብትነካው ጥቀርሻው ይዞህ ይመጣል፣ ከጣሪያው ላይ እንደ ጥቁር ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በምትጋግርበት ቀን ዓይኗ ቀልቶ ነው የሚውለው፣ ሳሏን ለምደነው ሳል መሆኑን ረስተነዋል። ኩበቱን ደግሞ አስቡት። እሱኮ ማሳ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ነው። ጠፍጥፋ አድርቃ ታነደዋለች፣ መሬቷ ይራባል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ክረምት ከውጭ በዶላር የተገዛ ማዳበሪያ ለመግዛት ጥጃ ትሸጣለች፣ መንግስትም ያንኑ ማዳበሪያ ለመደጎም ካዝናውን ያራቁታል፣ አፈሩ ሲሳሳ ጎርፉ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል፣ ደለሉ ተመልሶ ግድባችን ውስጥ ይተኛል። ከአንዲት እናት ምድጃ ተነስተህ የአገሪቱ ዶላርና የግድቡ ዕድሜ ጋ ትደርሳለህ። አረንጓዴ ኃይል ለቤት ምን ይጠቅማል ለአገር ምን ይጠቅማል እየተባለ ለሁለት ተከፍሎ ሲወራ ስሰማ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፣ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

ለዚህ ደግሞ መፍትሄው ከሰማይ አይወርድም፣ እዚሁ አለ። ባዮጋዝ ከከብቶቹ ፍግ ጋዙን ወስዶ ወጥ ያበስላል፣ ቡናም ያፈላል፣ የተረፈው ፈሳሽ ተመልሶ ማሳ ላይ ይደፋል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ከሰሉን ይቆጥባል፣ ሁለቱም ከታወቁ ቆይተዋል። ግን ሪባን ስለማይቆረጥባቸው ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

መስመሩ የደረሰንም ብንሆን ውሃ ብቻ አምነን እንቀመጥ የሚለው አያዋጣም። በ2011 ግንቦት የጊቤ 3 ግድብ ውሃው ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ስንኖር፣ ለጅቡቲና ለሱዳን የምንሸጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ረሳነው? ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ አቡክቶ ፈረቃ የጠበቀ ሰው ግን አይረሳውም። የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተተከለበት የአዳማና የአሸጎዳ ንፋስ የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ፣ ውሃው ሲጎድል ነው፣ ፀሐዩም እንደዚያው። ግድቡን የምወደው ሰውዬ እኮ ነኝ ይሄን የምለው፣ ብቻውን አታድርጉት ነው የምለው።

በአንድ ነገር ብቻ እስማማለሁ፣ ገበያው በውዳቂ ሶላር ተሞልቷል። ለአክስቴ መጀመሪያ የገዛሁላት በሦስት ወሯ ባትሪዋ ሞተ፣ ሻጩም አላውቅህም አለኝ። መፍትሄው ግን ጥራቱን መቆጣጠር ነው፣ ሰዉን ጨለማ ውስጥ ታገስ ማለት አይደለም።

ሁለተኛዋ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ እየሰራች ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ያንን የሬዲዮውን ነገር ነገርኳት፣ እንጀራ አይጋግርም አሉ አልኳት። «እሱንማ እኛም እናውቃለን ልጄ» አለችኝ፣ «አንተ ስትመጣ ለማድቤቱ የሚሆን አንድ አምፖልና ረዘም ያለ ሽቦ ይዘህልኝ ና፣ ማታ ስጋግር ምጣዱ አይታየኝም።»