የ12 ሚሊሜትር ክርክር፦ ስፔሰር ለሩጫ መኪና ይገባል ወይስ አይገባም?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ የ1997 ቢኤምደብሊው ኢ36 ኤም3 ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 17 ኢንች ቸርኬዎቹ ስፋታቸው ከፊት 7.5፣ ከኋላ 8.5 ኢንች ነበር፤ የሁሉም ኦፍሴት 41 ሚሊሜትር ነው። ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት ተሽከርካሪ ክፍል ሞዞ ይባላል፤ ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ወገብ፣ ማለትም ከስፋቱ መሀል፣ ያለው ርቀት ነው። ባለቤቱ አራቱንም ቸርኬ 8.5 አደረገና ከፊት ቸርኬዎቹ ሥር 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስፔሰር፣ ማለትም በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ቀለበት፣ አስገባ። መኪናውን የሚነዳው በዌስት ቨርጂኒያው የሰሚት ፖይንት የሩጫ ሜዳ ነው። የሚሞግቱት ደግሞ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ መካኒክ ናቸው።

መካኒኩ፦ ልጄ፣ ትጋትህን እወድልሃለሁ፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም። ፋብሪካው 41 ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። መሪ ስታዞር የፊት ጎማ የሚዞርበት የማይታይ ዘንግ አለ። ያ ዘንግ ወደ ታች ቢዘረጋ መሬት የሚነካበት ነጥብ ይኖራል። በዚያ ነጥብና በጎማው ወገብ መካከል ያለው ርቀት ነው የመንገዱን ወሬ ወደ እጅህ የሚያመጣው። አንተ ጎማውን 12 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ገፋኸው። እንግዲህ አንዱ ጎማ የመታጠፊያውን ጠርዝ በረገጠ ቁጥር፣ ወይም ፍሬን ስትይዝ አንዱ ጎማ አስፋልት ሌላው አሸዋ ላይ ካረፈ መሪው ይታገልሃል። እግሩ ሲሰፋ መኪናው ይረጋጋል እንደምትለኝም አውቃለሁ። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.42 ሜትር ገደማ ነው፤ በጠቅላላው 24 ሚሊሜትር ብትጨምርበት ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህች ብለህ ነው የፋብሪካውን ልክ የምታፈርሰው?

አሽከርካሪው፦ ጋሼ፣ ስለ መሪው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ጥፋተኛው ግን ስፔሰሩ አይደለም፤ ሰፊው ቸርኬ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ8.5 ኢንች ቸርኬ ከ7.5ቱ በ25.4 ሚሊሜትር ይሰፋል። ኦፍሴቱ እኩል ስለሆነ ግማሹ፣ 12.7 ሚሊሜትር፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ያለው ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ ነው። ያለ ስፔሰር ስገጥመው በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ መካከል ጣቴ አልገባም፤ አንዴ ሳዞረው ላስቲኩ ብረቱን ሲልሰው ሰማሁ። በ12 ሚሊሜትር ስፔሰር የውስጡ ክፍተት ፋብሪካው ወደተወው ቦታ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

አሁን ስፔሰሩን ይጣሉትና ኦፍሴቱ 29 (41 ሲቀነስ 12) የሆነ ቸርኬ ይግዙልኝ። ጎማው የት ይቆማል? እዚያው! መሪው ከሥሩ ስፔሰር ይኑር አይኑር በምን ያውቃል?

ኩሽኔታ ይበላል የሚሉም አሉ። በኃይለኛ መታጠፊያ ላይ የውጨኛው ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ያህል የጎን ግፊት ከመሬት ይቀበላል። ያ የጎን ግፊት ኩሽኔታውን የሚጠመዝዘው በጎማው ቁመት ልክ ነው፤ ከመሬት እስከ መሀል 31 ሴንቲሜትር። ስፔሰሩ የሚጨምረው ክንድ 12 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከመቶ 4 አይደርስም። ኩሽኔታዬን የሚበላው ፍጥነቴና ላስቲኬ ነው።

መካኒኩ፦ የመሪውን ተቀበልኩ። ጎማው የሚቆምበት ቦታ ከሆነ ጥያቄው፣ ስፔሰርና ኦፍሴት አንድ ናቸው። ግን ለምን 29ኙን አትገዛም ታዲያ?

አሽከርካሪው፦ ጎማ ለማፈራረቅ ነዋ። የፊት ጎማ የውጭ ትከሻው ቶሎ ያልቃል፤ አራቱም ቸርኬ አንድ ዓይነት ሲሆኑ የፊቱን ወደ ኋላ አዞራለሁ። አንድ ትርፍ ቸርኬ ብይዝም ለአራቱም ቦታ ይሆነኛል። 29ኙን ለኋላ ብጠቀመው ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ፊት 29፣ ኋላ 41 ብገዛ ደግሞ ማፈራረቁ ቀረ።

መካኒኩ፦ እሺ። አሁን ግን ወደ እኔ ሜዳ ና፤ ወደ ቡሎኑ። ቸርኬን የሚይዘው የቡሎኑ ብረት ይመስልሃል፤ አይደለም። የሚይዘው ሁለት ፊቶች ተጫጭነው የሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን ጥርሱ ዘይት ሳይነካ በ110 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ቸርኬውን በ4.5 ቶን ገደማ ይጫነዋል፤ አምስቱ ተደምረው 22 ቶን ያልፋሉ። ቸርኬው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ይህ ጭነት ነው። አንተ ስፔሰር ስትጨምር አንድ የነበረውን መጋጠሚያ ሁለት አደረግኸው። በመካከሉ ዝገት፣ ቀለም ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካለች ሙቀቱና ንዝረቱ ይፈጫታል፤ እሷ ስትደቅ ጭነቱ ይላላል። በዚያ ላይ የቸርኬውና የስፔሰሩ አሉሚኒየም ሲግል ከቡሎኑ ብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ፍሬንህ ግሎ ሞዞውን ሲያሞቀው ቡሎኑ ይሳባል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው።

አንድ ደንበኛዬ መኪናው ወደ ረጅሙ ቀጥታ በሚያስወጣው በ10ኛው መታጠፊያ ላይ ይንቀጠቀጣል ብሎ አመጣልኝ። የጎማ ሚዛን አሠርቷል፤ አልተወውም። ቸርኬውን ልፈታ ቁልፍ ሳስገባ ሁለቱ ቡሎኖች በእጄ ዞሩ። ሥሩ 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ነበር፣ ጀርባው ጥቁር ቀለም የተቀባ። ቀለሙ በክብ ተልጦ እንደ ጥቀርሻ ዱቄት ሆኖ ሞዞው ላይ ተጣብቋል። የቡሎኖቹ አንገት በአንድ ወገን ብቻ ተወልውሎ ያበራል። ስፔሰሩ ሲገባ ቡሎኑ አልተቀየረም፤ በእጄ እየቆጠርኩ መልሼ ሳጠብቀው 5 ዙር ተኩል ላይ ቆመ። ልጁ በዚያች 5 ዙር ተኩል ነበር ከቀጥታው መጨረሻ ፍሬን የሚይዘው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሽከርካሪው፦ ይህን ሲነግሩኝ ለእኔም ሆዴ ይላወሳል። ግን ጋሼ፣ የነገሩኝ የስፔሰሩን ጥፋት ነው ወይስ የገጣሚውን? የቡሎን ጥርስ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል መግባት አለበት፤ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር ለሚገባ ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። እኔ 12 ሚሊሜትር ስጨምር ቡሎኑንም በ12 ሚሊሜትር የረዘመ አድርጌያለሁ። የእኔ ስፔሰር በ72.6 ሚሊሜትሩ የሞዞ ከንፈር (ቸርኬውን መሀል በሚያስይዘው ክብ ጠርዝ) ላይ ይቀመጣል፣ ለቸርኬውም የራሱን ከንፈር ያወጣል፤ በመሀል አይዋልልም። ጀርባው ቀለም የለውም። ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ አጸዳዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ዙር ወጥቼ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥብቀቱን እንደገና እለካለሁ። ፖርሽም ራሱ ለ911 መኪናው ባለ 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ከነቡሎኑ ሸጧል።

መካኒኩ፦ ከነቡሎኑ! ረጅሙን ቡሎን አብሮ ነው የሰጠው፤ እሱን አትዝለለው። ረጅም ነው ብለህም አትኩራ፤ ከልክ በላይ የረዘመ ቡሎን በኋላ ሞዞ በኩል አልፎ የእጅ ፍሬኑን ዕቃ ይነካል። ቀጭኖቹን ስፔሰሮች አሁንም አልወድም። 5 ሚሊሜትሩ የሞዞውን ከንፈር ከሸፈነው የራሱን ከንፈር ለማውጣት ውፍረት የለውም፤ ቸርኬው በቡሎኖቹ ሾጣጣ ጭንቅላት ብቻ መሀሉን ይፈልጋል። ሁለት ስፔሰር የሚደራርቡትንማ ስማቸውን አታንሳብኝ።

አሽከርካሪው፦ በመደራረቡ አንድ ነን። ከንፈር በሌለው ቀጭንም አልከራከርዎትም፤ ለእኔ መኪና አላስገባውም።

መካኒኩ፦ ቡሎኖቹስ? ስንት ጊዜ ተፈቱ፣ ስንት ጊዜ ታሰሩ?

አሽከርካሪው፦ ሁለት የሩጫ ወቅት ሆናቸው።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ይቀየራሉ። የተሳበ ብረት ድካሙን ፊትህ ላይ አይነግርህም። ቅዳሜ ከመውጣትህ በፊት አዲሶቹን ይዘህ ና፤ እያንዳንዱን በእጄ እቆጥራለሁ። አንዱ ከ8 ካነሰ ስፔሰሩ እኔ ጋ ይቀራል።

አሽከርካሪው፦ ይዤ እመጣለሁ፣ ጋሼ። ሞዞውንም አጽድቼ ነው የምመጣው። 29ኙን ቸርኬ ግን አልገዛም።