«ድርሻዎ በመቶኛ ስንት ነው?»

ጥናቱን ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሪፖርቱን ግን ገና አልጨረስኩም።

ነገሩ ከመሥሪያ ቤታችን በሚመጣ ኢሜይል ነው የሚጀምረው። «አስቸኳይ! የታተሙ ጥናቶቻችሁን በተያያዘው ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ነገ ጠዋት ላኩ» ይላል። የተያያዘ ነገር የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ይቅርታ፣ ቅጹ ይኸው» የሚል ይመጣል። ማታ ደግሞ ሦስተኛው፦ «በቀድሞው ቅጽ የሞላችሁ በአዲሱ እንደገና ሙሉ።»

ቅጹ ላይ «ቅጽ» የሚል ሣጥን አለ። የጆርናሉን፣ ማለትም ጥናቱ የታተመበትን መጽሔት፣ ቅጽ ማለታቸው ነው። አንድ ባልደረባችን ግን «አዲሱ» ብሎ ሞልቶ ልኳል። ተቀባይነት አግኝቷል።

ኦርኪድ የሚባል መለያ ቁጥር አለን፤ 16 አሃዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ተመራማሪ ከሞክሼው ጋር እንዳይምታታ ነው። ለታተመ ጽሑፍ የሚሰጥ ዲኦአይ የሚባል መለያም አለ፤ ስትጫነው በቀጥታ ጽሑፉ ካለበት ያደርስሃል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ርዕሱም፣ ጆርናሉም፣ ደራሲዎቹም ይገኛሉ። ቅጹ ሁለቱንም ይጠይቃል። ከዚያ ርዕሱን፣ ጆርናሉንና ደራሲዎቹን ጻፍ ይልሃል። በመጨረሻም የመጀመሪያውን ገጽ አትመህ፣ ፈርመህ፣ ስካን አድርገህ አያይዝ።

ጉድ የሚፈላው «ድርሻ በመቶኛ» የሚለው ሣጥን ላይ ነው። ጽሑፉን የጻፍነው አራት ነን። ደወልኩላቸው። አንዱ «40 ጻፍልኝ» አለ። ሌላው «ሐሳቡ እኮ የኔ ነው» ብሎ 60 ወሰደ። መረጃውን የሰበሰበችውም የተነተነችውም ባልደረባችን «20 ይበቃኛል» አለች። እኔ በጨዋነት 45 ያዝኩ። ድምሩ 165 መጣ። ኤክሴሉ ቀይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ ቦሶን ስለተባለው የፊዚክስ ቅንጣት ክብደት የታተመ አንድ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት። ከ33 ገጹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነው። እኩል ቢካፈሉ ለአንድ ሰው 0.02 ከመቶ እንኳ አይደርሰውም። ለእነሱ የሚደውለው ሰው አሳዘነኝ።

ድመት ደራሲ የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጃክ ሄዘሪንግተን የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ ለብቻው የሠራውን ጥናት «እኛ» እያለ ጽፎ ጨረሰ። ብቻህን ሆነህ «እኛ» ካልክ ጆርናሉ አይቀበልህም አሉት። ዘመኑ የታይፕ ነው፤ ሁሉንም እንደገና መምታት ሊሆንበት ነው። ድመቱን ኤፍ.ዲ.ሲ. ዊላርድ ብሎ ሁለተኛ ደራሲ አደረገው። ታተመ። በእኛ ቅጽ ቢሆን ድመቱ ቢያንስ 30 ከመቶ ይጠይቅ ነበር፤ የደረጃ ዕድገቱ ጊዜ ደርሶበት ከሆነማ 60።

ጥናቱ ምን እንዳገኘ የሚጻፍበት ሣጥን ፈልጌ አጣሁ። «አስተያየት» የሚለው ውስጥ በሁለት መስመር አሰፈርኩት። «አስተያየት የሌላችሁ ባዶ ተዉት» ተብሎ ተመለሰልኝ።

ዓምና ጽሑፋችን ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ ሲወጣ ሁለታችን ሪፖርት አድርገነው ነበር። ዘንድሮ ቅጽና ቁጥር ሲሰጠው አራታችንም በየፊናችን ሞላነው። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የቡድናችን ኅትመት በእጥፍ ማደጉ ተበሰረ። ከ2 ወደ 4። ግራፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔ እንዲያውም ትንሽ አበዛሁት። የመጪው ዓመት ዕቅድ 8 መሆኑም ተነገረን።

ባለ 20ዋ ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቤት ድመት አለህ እንዴ?»