እሺ ባዮች ይኑሩልን

ሕግ አክባሪ ጠፋ ብሎ የሚያማርር ሰው ስልክ ስንነካካ አይቶን አያውቅም። ድረ ገጹ ገና ሳይከፈት ከግርጌ አንድ ሳጥን ብቅ ይላል። «ግላዊነትዎን እናከብራለን» ይላል በትሕትና። ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ ሥር «ሁሉንም እቀበላለሁ» የሚል ደማቅ ቁልፍ። እኛ ደግሞ ያከበረንን ማሳፈር አልለመደብንም። ሳጥኑ ቁጭ ሳይል አውራ ጣታችን ወርዳለች። በምን ተስማማን? እሱን እነሱ ያውቁታል።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባለ ያደገ ሕዝብ ሌላ ምን ያድርግ? ሺህ ባይሞላም ተቃርቧል። አንዳንዱ ድረ ገጽ መረጃችንን የሚያካፍላቸውን «አጋሮች» ሲዘረዝር በመቶዎች ይቆጠራሉ። አንዴ እሺ ካልን ምን እንዳነበብን፣ በስንት ሰዓት እንዳነበብን፣ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዝን ለዚያ ሁሉ ወገን ይዳረሳል። ደመወዙን ለወንድሙ የማይናገር ሰው ለማያውቀው የማስታወቂያ ድርጅት እንዲህ ሲዘረግፍ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ለዚህ በጎ ልማድ የአውሮፓ ኅብረት ምስጋና ይድረሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተሻሻለው መመሪያው፣ ለአገልግሎቱ የግድ ካላስፈለገ በቀር፣ ኩኪ የሚባለው፣ ድረ ገጹ እኛን የሚለይበት ትንሽ ፋይል፣ በሰው ኮምፒውተር ላይ ከመቀመጡ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ አለ። በሜይ 2018 ደግሞ ትልቁ የዳታ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቅዱስ ነበር። ሰው ይጠየቅ፣ ገብቶት ይመልስ። የዘነጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠየቁት እኛ መሆናችንን።

ደግሞስ ማን አንብቦ ይዘልቀዋል? የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 አስልተውታል። አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግላዊነት ፖሊሲ በሙሉ ቁጭ ብሎ ቢያነብ ከ200 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የአንድ ወር ሥራ በሉት። ስለዚህ አለማንበብ ስንፍና አይደለም። የአገር ኢኮኖሚ መታደግ ነው።

በዚህ ረገድ ግን ለንደኖች ይቀድሙናል። በ2014 ኤፍ ሴኪዩር የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ እዚያ ለሙከራ ነጻ ዋይፋይ ዘረጋ። ስምምነቱ ውስጥ የመጀመሪያ ልጅን ለዘለዓለም አሳልፎ የሚሰጥ አንቀጽ ሰነቀረበት። ስድስት ሰዎች ተስማሙ። አባታችን አብርሃም እንኳ ይስሐቅን ይዞ የሦስት ቀን መንገድ ሄዷል። እነዚህ በቆሙበት ጨረሱት። በ2017 ደግሞ ማንቸስተር ያለ አንድ የዋይፋይ ኩባንያ ተጠቃሚው ሽንት ቤት ማጽዳትን ጨምሮ 1,000 ሰዓት በነጻ እንዲያገለግል ስምምነቱ ውስጥ ጻፈ። 22,000 ሰው እሺ አለ። አንቀጹን አይቶ ለጠቆመ ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር። የተገኘው አንድ ሰው ነው። ምን ዓይነት ነገረኛ ይሆን?

የኮምፒውተሩ መንደርስ በሕጉ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ? ማን ነው ተጎዳ የሚለው! ድረ ገጽ የሚሠራውን ደቨሎፐር ድሮ የሚያስጨንቀው ጽሑፍና ፎቶ ነበር። ዛሬ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ገጹን ሲሸፍንበት ሳጥኑን ያስተካክላል። ሲደክመው ፈቃድ የሚሰበስብ ሶፍትዌር ይከራያል፤ ይሄም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ሎስ አንጀለስ ታይምስና ቺካጎ ትሪቢዩን የተባሉት የአሜሪካ ጋዜጦች ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ ዕለት ለአውሮፓ አንባቢዎች በራቸውን ዘጉ። ከመጠየቅ መሰወር ሳይሻል አልቀረም።

ትልልቆቹ ግን አልደነገጡም። ጠበቃም አላቸው፣ ዲዛይነርም አላቸው። «እቀበላለሁ» በአንድ ንክኪ፤ «አልቀበልም» ግን በጓሮ ዞሮ፣ ገጽ ገልጦ፣ ፈልጎ። የፈረንሳዩ የዳታ ተቆጣጣሪ ይህ ጥበብ አልገባውም። በጃንዋሪ 2022 ጎግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አሳወቀ። እንደ መቀበል ሁሉ እምቢ ማለትም ይቅለል ባይ ነው። ጎግል በዚያው ዓመት «ሁሉንም አልቀበልም» የሚል ቁልፍ ለአውሮፓ ጨመረ። እምቢታን እንዲህ አቅልሎ ማቅረብ ለታዳጊ ልጆች ምን ያስተምራል?

ሕጉን የምር የወሰዱትማ አሉ። ማክስ ሽሬምስ የሚባል ኦስትሪያዊ የሕግ ተማሪ በ2011 ፌስቡክን «ስለ እኔ የያዝከውን ሁሉ አምጣ» አለው። 1,222 ገጽ መጣለት። አጥፍቻቸዋለሁ ያላቸው መልእክቶች ሳይቀሩ እዚያው ቁጭ ብለዋል። ልጁ ደግሞ አነበበው! ከዚያ ወዲህ ክስ ሲያቀርብ ኖሮ በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል የነበሩ ሁለት የዳታ ስምምነቶችን በፍርድ ቤት አስፈርሷል። ማንበብ መዘዙ ይሄ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የፕሮግራመሮች ተንኮል ነው። አንዳንዶቹ ቀደም ብለው መላ ዘይደው ነበር። ሰውዬው ብሮውዘሩ ላይ አንዴ «አትከታተሉኝ» ብሎ ያስቀምጥ፣ ድረ ገጹ ሁሉ ይህን ይስማ፣ ሳጥንም አይኑር። ምልክቱ ብሮውዘሮች ውስጥ ገባ። የሚያስገድድ ሕግ ስላልነበረው አብዛኞቹ ድረ ገጾች ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት፤ ተመስገን። ካሊፎርኒያ ግን ይህን የመሰለ ምልክት እንዲከበር በሕግ አስገደደች። ሴፎራ የተባለው የመዋቢያ መደብር ምልክቱን ችላ በማለቱ ጭምር ተከስሶ በ2022 1.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አንዴ እምቢ ብሎ ዓመቱን ሙሉ በሰላም መኖር! ሕግ አውጪዎች ሸክሙን ከእኛ አውርደው ኩባንያው ላይ የጫኑ ለት ይህ ሁሉ ልምምዳችን ከንቱ መቅረቱ ነው።

አገር ቤትም አዋጅ ወጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ፈቃድ በነጻነት፣ ታውቆና በግልጽ ይሰጥ ይላል። ለዚህ እንኳ ከማንም ቀድመን ተዘጋጅተናል። ባንክ ውስጥ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» እየተባልን ውሉን ሳንገልጥ የፈረምን እኛ ነን። ለአክስት ልጅ ዋስ ሆነን ብድሩ ስንት እንደሆነ በኋላ የሰማን እኛ ነን። ውል ቆሞ የሚያነብ ሰው «አላመንከንም እንዴ?» ይባላል፤ ማን ይሄን ይችላል? ፍራንክፈርት የገባችው እኅታችንም ባህሏን አልጣለችም። ሕጉ በጀርመንኛ ይጠይቃታል፤ እሷ ቦሌ እንደነበረችው ትመልሳለች።

አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነውና አንድ ሐሳብ ላቅርብለት። የስምምነት ጽሑፍ ማዘጋጀት አድካሚ ሥራ ነው፤ የጠበቃ ክፍያም ውድ ነው። ጀማሪ ደቨሎፐሮቻችን በዚህ ባይንገላቱ ምን አለበት? የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ግላዊነትዎን እናከብራለን» ይባል። ከዚያ በታች የዶሮ ወጥ አሠራር ይገልበጥበት። አንቀጽ 14 ላይ «ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በደንብ ይቁላላ» ቢል ማን ያያል? ያየ ቢኖርስ፣ በዚህ የማይስማማ ማን ነው?